በለሚ ዙሪያ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ፦ ለተጓዦች የቀረበ መረጃ

ለሚ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በደጋማው ምድር ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተሰሜን የዓባይ ገባር የሆነው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ይጀምራል። ወደ ሙከ ጡሪ አቅጣጫ ያለው አገር በአንጻሩ ጤፍ፣ ስንዴና ጥራጥሬ የሚዘራበት፣ ዝቅ ከፍ የሚል የእርሻ መሬት ነው። መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ የብስክሌት ጉዞ ለሚፈልግ ሰው የሚስማማው ይህ የደጋው ክፍል ነው።

ወደ ለሚ ለመድረስ ከአዲስ አበባ በጫንጮ በኩል 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚነሣው መንገድ ለሚን አልፎ፣ ጀማን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ይዘልቃል። ብስክሌቱን በሕዝብ ማመላለሻ ይዞ የሚመጣ ተጓዥ ስለ ጭነቱ ክፍያ ከመሳፈሩ በፊት ቢስማማ ይመረጣል። በፖርቶ መጋላ ላይ ሲጫን ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት።

ጉዞው በምልክት ሰሌዳ የተመለከተ የስፖርት መስመር የለውም። ተጓዡ በዋናው መንገድ ወጥቶ ቀበሌዎችን በሚያገናኙ የገጠር መንገዶች በመመለስ ዙሩን ራሱ ይመሠርታል። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ዙር፣ ዕረፍትን ጨምሮ፣ ለግማሽ ቀን በቂ ነው። የገጠሩ መንገድ ሁሉ ወደ ዋናው መንገድ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ግን አይገባም፤ አንዳንዱ እርሻ ውስጥ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። በየመንደሩ «ይህ መንገድ ወዴት ያደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ከካርታ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የጀማ ቁልቁለት

በዚህ ጉዞ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ከአፋፉ የት ላይ መመለስ እንደሚያስፈልግ ነው። ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ወደ ወንዙ መውረድ ጥረት አይጠይቅም፤ የወረደ ግን ያንኑ ከፍታ መልሶ መውጣት ይኖርበታል። በሰዓት 500 ሜትር ከፍታ መውጣት ለሠለጠነ ብስክሌተኛ እንኳ ቀላል ስላልሆነ፣ መልሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አየሩም ቁልቁል በወረዱ መጠን በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሞቀ ይሄዳል። ስለዚህ ማለዳ በቀዝቃዛ አየር የወረደ ሰው አቀበቱን የሚጀምረው በቀትር ሙቀት ነው። በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ መያዝም ጠርዙን አግሎ ጎማን ሊያፈነዳ ይችላል። ጉዞው መካከለኛ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ሸለቆውን አይቶ ይመለስ። ለማየት የሚያበቃም ነገር አለ፦ በገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማራሉ፤ የጀማ ሸለቆ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ አዕዋፍን ለማየት ከመላው ዓለም ተመልካቾች የሚመጡበት ስፍራ ነው።

ከባድ ተሽከርካሪዎች

በእንሳሮ ወረዳ የተገነባውና በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ያለው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ መስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ በፊት የተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች አካባቢውን ጸጥተኛ ብለው ቢገልጹትም፣ ዛሬ የጭነት ተሽከርካሪዎች ወደ ፋብሪካው ይመላለሳሉ። ለብስክሌት የተለየ መስመር ስለሌለ ቀኝን ይዞ፣ በአንድ ረድፍ መጓዝ ግዴታ ተደርጎ መወሰድ አለበት። ከባድ ተሽከርካሪ ከኋላ ሲመጣና ከፊትም ሌላ ሲታይ ከመንገዱ ወርዶ ማሳለፍ ይመከራል። በዋናው መንገድ ላይ የሚኖረውን ርቀት ማሳጠርና አብዛኛውን ጉዞ በገጠር መንገድ ማድረግ የተሻለው ምርጫ ነው።

በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። አደጋ አድራሹ ቢሰወር ወይም መድን የሌለው ቢሆንም፣ በአዋጁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ተጎጂውን ይመለከታል። አደጋውን ለፖሊስ ወዲያውኑ ማስመዝገብ ለካሳ ጥያቄ መነሻ ስለሆነ ችላ ሊባል አይገባም።

ወቅትና ዝግጅት

የአካባቢው አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ዝናብ ሲጠግብ ከጎማና ከፍሬን ጋር ተጣብቆ ብስክሌቱን ያቆማል፤ የበልግ ዝናብ በሚጥልበት በመጋቢትና በሚያዝያም ይኸው ሊያጋጥም ይችላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መሬቱ የደረቀ፣ አየሩም የጠራ ነው። በመከር ወራት ግን ሰብል የጫኑ አህዮች መንገዱን ስለሚሞሉ ደወል ማሰማትና ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ውሻ ሲመጣ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእግር ማለፍ ከመሮጥ ይሻላል።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ከቆላማ አካባቢ የመጣ ተጓዥ የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት ቢያሳልፍ ይመረጣል። የልብና የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፖምፓ፣ መለጠፊያና የካቴና መፍቻ ከቤት መያዝ አለባቸው፤ በገጠር ከተማ የሚገኝ ጎሚስታ የመኪና ጎማ እንጂ የብስክሌት ዕቃ ላይኖረው ይችላል። የራስ ቁር፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃና የነፋስ መከላከያ ልብስም አይዘንጉ።

ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከእንሳሮ ወረዳ ሰላምና ጸጥታ እንዲሁም ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መንገዱ ከኦሮሚያ ክልል ወደ አማራ ክልል የሚሻገር በመሆኑ ማጣሪያው በሁለቱም በኩል ይደረግ። መታወቂያ መያዝ፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ለአደሩበት ቤት ባለቤት መንገርና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ መግባት ከተጓዡ ይጠበቃል።