ቋ!

ዘመኑን አትረሱትም፤ 2012 ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን ከጠመኔ ጋር የጨረስኩ ሰው። ዳይሬክተራችን ደወሉና «ትምህርቱን ቀርጸው በቴሌግራም ይላኩልን» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ቤት ውስጥ ያለው ዴስክቶፕና የእህቴ ልጅ ታብሌት ነው፤ ታብሌቱ ባለ ብዕር፣ ግን አሮጌ። በላዩ ላይ እንደ ሰሌዳ ይጻፍበታል፤ መቅረጫ ግን የለውም። አንድሮይድ የስክሪን መቅረጫ በራሱ ይዞ የመጣው በዚያው ዓመት ጳጉሜን በወጣው 11ኛው ነው፤ የእኛው ደግሞ እዚያ የሚደርስ አልነበረም። ማከማቻውም በልጁ ፊልም ጢም ብሏል። ስለዚህ ስክሪኑን በገመድ ወደ ዴስክቶፑ አምጥቶ እዚያ መቅረጽ ግድ ሆነ።

«ጋሼ፣ ስክሪን ኮፒ የሚሉት ነፃ ፕሮግራም አለ» አለኝ ልጁ። «መጀመሪያ ግን ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ይንኩት።»

«ሰባት?»

«ሰባት።»

ሰባት ቀን ጠበል እንጂ ሰባት ጊዜ ጣት ሰምቼ አላውቅም። ነካሁ። ሰባተኛው ላይ «አሁን ዴቨሎፐር ሆነዋል» የሚል መጣ። ያለ ፈተና፣ ያለ ክፍያ ተሾምኩ። ከዚያ ዩኤስቢ ዲበጊንግ የሚለውን አበራን፣ ገመዱን ሰካን፤ ኮምፒውተሩ ዝም። ታብሌቱ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ግማሽ ቀን ፕሮግራሙን ስንረግም ዋልን። ለካስ ጥፋቱ የገመዱ ነው! ደህና ገመድ ቢያንስ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። እኔ ከመንገድ ዳር በርካሽ የገዛሁት የኤሌክትሪኮቹን ብቻ ይዞ ነው የሚዞረው። ከጎረቤት ሌላ ተዋስን። የታብሌቱ ስክሪን ኮምፒውተሩ ላይ ድንገት ብቅ ሲል ባለቤቴ እንኳ ሽንኩርቷን ትታ መጣች።

መቅረጫው ኦቢኤስ ነው፤ እሱም በነፃ። ግን ዴስክቶፑ ማይክ የለውም። ድምፄን በስልኬ እቀዳለሁ፣ ምስሉን ኮምፒውተሩ ይቀርጻል፤ ኋላ ሁለቱን ማን ያገናኛቸው? የመጀመሪያው ትምህርት ላይ አፌ ስለ ማይነስ ያወራል፣ እጄ ፕላስ ይጽፋል። መላው የተገኘው ከፊልም ሠሪዎች ነው፤ በቀረጻ መጀመሪያ ሁለት ጣውላ የሚያጋጩት ለዚሁ አይደል? እኔም ብዕሩን ታብሌቱ ላይ ቋ! አደርጋለሁ። ነጥቧ በምስሉ ላይ ትወድቃለች፣ ቋታው በድምፁ ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ያገጣጥማቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ምሽት ኳድራቲክ ኢኩዌሽን እያስተማርኩ ነው። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ! በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አስተምሬ አላውቅም። የመጨረሻዋን መስመር ልጽፍ ስል መብራት ሄደ።

ታብሌቱ በባትሪው እየበራ ቁጭ ብሏል፤ ጽሑፌ ሁሉ አለ። ኮምፒውተሩ ጥቁር። ጠዋት መብራቱ ሲመጣ ፋይሉን አየነው፤ ስሙ አለ፣ ክብደቱ አለ፣ ግን አይከፈትም። ኤምፒፎር ነበር። ያኔ ኦቢኤስ የኤምፒፎርን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ፣ መጨረሻ ላይ ነበር። ማውጫው ካልተጻፈ ማጫወቻው የትኛው ምስል የት እንዳለ አያውቅም። ሥራዬ ሁሉ እዚያው ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ቁርስ አልበላሁም።

ልጁ ሲያጠያይቅ ውሎ «ኤምኬቪ ያድርጉት» አለኝ። ኤምኬቪ እየቆራረጠ፣ ቁራጩን እየጨረሰ ይጽፋል፤ መብራት ቢሄድ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይጠፉ እንደሆን እንጂ ሌላው ይተርፋል። ካለቀ በኋላ ኦቢኤስ ራሱ ሪማክስ በሚለው ወደ ኤምፒፎር ይለውጠዋል፤ ምስሉ እንደ አዲስ ስለማይሠራ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መብራት ስንት ጊዜ ሄደ! እኔ ግን ብዕሬን አስቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

የጠፋውን ትምህርት ደግሜ ቀረጽኩት፤ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። እሱ ይቆጨኛል። ጭራሽ በመሃል ከባለቤቴ «ዳቦ ገዝተህ ግባ» የሚል መልእክት በስክሪኑ አናት ብቅ አለ። ሳላየው ላክሁት። አርባ ተማሪ አየው።

በ2013 ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ማስክ አድርጌ ክፍል ገባሁ። ጠመኔ አነሳሁ፤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከኋላ ወንበር አንዱ እስክሪብቶውን ዴስኩ ላይ ቋ! አደረገ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሁሉም።

«ቲቸር፣ ዳቦውን ገዙ?» አለች አንዷ።