ከልቃቂት እስከ ልብስ፦ የእጅ ሹራብ ሥራ ታሪክና የሠሪዋ ውጣ ውረድ

የኪነ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ ሥዕሉ፣ ሐውልቱ፣ ሕንፃውና ዜማው የየራሳቸውን ሰፊ ምዕራፍ ያገኛሉ። በሁለት መርፌዎችና በአንድ ልቃቂት ክር የሚከናወነው የሹራብ ሥራ ግን ከጓዳ ወጥቶ ለውይይት ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ይህ የሆነው ሙያው ታሪክ የሌለው በመሆኑ አይደለም። ታሪኩን የሠሩት እጆች በአመዛኙ የሴቶችና የድኾች እጆች ስለ ነበሩ ስማቸውን የሚመዘግብ ብዕር በብዛት አላገኙም።

ሙያውን የሚያውቁ ሁሉ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። በትርፍ ጊዜዋ ሹራብ የምትሠራ ሴት አዲስ ክር ባገኘች ዕለት በታላቅ ስሜት ትጀምራለች፤ ሌሊቱን ሳይቀር አምሽታ ትሠራለች። ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ስሜቱ ይቀዘቅዛል። ጅምሩ በቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላ ክር፣ ሌላ ጅምር ይከተላል። ለመሆኑ ይህ የአንዲት ግለሰብ ስንፍና ነውን? ወይስ ከሙያው ባሕርይና ካሳለፈው ታሪክ የሚመነጭ ችግር ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት ሙያው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ መመርመር ያስፈልጋል።

የአንድ ክር ጥበብ

ሽመና ድርና ማግ፣ መወርወሪያና የተተከለ ዕቃ ይፈልጋል። በሹራብ ሥራ ግን ክሩ አንድ ነው። በመርፌው ላይ ቀለበት ይሆናል፤ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፤ ረድፍ በረድፍ ላይ እየተደረበ ልብስ ይሆናል። ከዚህ አሠራር የተነሣ ልብሱ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል፤ የእግርንና የእጅን ቅርጽ ተከትሎ ሊሠራ ይችላል። ሌላም ባሕርይ አለው። የክሩ ጫፍ ከተገኘ ሥራው በሙሉ ተተርትሮ ወደ ልቃቂትነቱ ሊመለስ ይችላል። ጨርቁን ቆርጦ ያበላሸ ልብስ ሰፊ ወይም ድንጋዩን ከልክ በላይ የጠረበ ቀራፂ ይህን ዕድል አያገኝም። ይህ ባሕርይ ለሠሪዋ ጸጋም ፈተናም ነው።

እስከ ዛሬ ከተገኙት እውነተኛ የሹራብ ሥራዎች መካከል ጥንታውያኑ ከግብፅ ምድር የወጡ የእግር ልብሶች ናቸው። ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩት እነዚህ የጥጥ ሥራዎች በነጭና በሰማያዊ ክር ያጌጡ ናቸው። የጌጣቸው ውስብስብነት ሙያው በዚያን ጊዜ ጀማሪ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ከእነርሱ በፊት በዚያው በግብፅ በአንድ መርፌ ክርን እየቋጠሩ የእግር ልብስ የሚሠሩበት ሌላ ስልት ነበረ፤ ይሁን እንጂ ያ ስልት እንደ ሹራብ ጫፉን ስበው የሚተረትሩት አልነበረም። በግብፅ ዐረብኛ ሹራብ የሚለው ቃል የእግር ልብስን ያመለክታል። በአማርኛ ቃሉ በይበልጥ ለላይ ልብስ ቢውልም፣ ካልሲን ‘የእግር ሹራብ’ የማለቱ ልማድ የቃሉን የቀድሞ ቤት ያስታውሳል።

ጥበቡ በአውሮፓ ሲታይ በመጀመሪያ የባላባቶች ንብረት ሆኖ ነው። በእስፔን አገር በቡርጎስ ከተማ በላስ ኡኤልጋስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1275 በሞተው በልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ በሐር የተሠሩ የሹራብ ትራሶች ተገኝተዋል። በ1400 ገደማ በሰሜን ጀርመን የተሣለው የቡክስተሁደ መሠዊያ ሥዕል ደግሞ ቅድስት ማርያም ተቀምጣ በአራት መርፌዎች ስፌት የሌለው ቀሚስ ስትሠራ ያሳያል። ሠዓሊው መርፌዎቹን በትክክል ማስቀመጡ ሥራውን በዐይኑ ያየ ሰው እንደ ነበረ ያመለክታል።

ሹራብ እንጀራ በነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሹራብ መሥሪያ መኪና ፈለሰፈ። የፈጠራው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ በእጅ ሥራ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ሲሠሩ በእርሱ መኪና ግን ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱ ቆልማማ መርፌ ስለ ተመደበለት አንድ ረድፍ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት መኪናው የእጅ ሠሪዎችን ለልመና ይዳርጋል በሚል ስጋት የባለቤትነት መብት እንደ ነፈገችው በትውፊት ይነገራል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ ሀብት ሳያገኝም ሞተ። መኪናው ግን አልሞተም። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በኖቲንግሃም አውራጃ በዚሁ መኪና የሚሠሩ ሠራተኞች፣ ደመወዝ በመቀነሱና ጥራት የሌለው ዕቃ ገበያውን በማጥለቅለቁ ተቆጥተው በ1811 እና በ1812 የአሠሪዎችን መኪናዎች ሰባበሩ። መንግሥት መኪና በሚሰብሩ ላይ የሞት ቅጣት የሚደነግግ ሕግ ሲያቀርብ፣ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን የካቲት 27 ቀን 1812 እ.ኤ.አ. በሎርዶች ምክር ቤት ባሰማው የመጀመሪያ ንግግሩ ለሠራተኞቹ ተሟገተ። ሕጉ ግን ጸደቀ።

መኪናው ገበያውን በያዘበት ዘመንም የእጅ ሥራ ፈጽሞ አልጠፋም። ከስኮትላንድ በስተሰሜን በምትገኘው በሼትላንድ ደሴቶች ባሎች ለዓሣ ማጥመድ ባሕር ሲወጡ ሴቶች እርሻውንና ቤቱን እየመሩ ሹራብ ይሠሩ ነበር። የማገዶ አፈር በጀርባቸው ተሸክመው ሲሄዱ እንኳ እጃቸው አያርፍም ነበር። በወገባቸው ላይ የሚታሰር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ መቀነት የአንዱን መርፌ ጫፍ አጽንቶ ስለሚይዝ እየተራመዱ መሥራት ይችሉ ነበር። በአንስት ደሴት የሚሠራው ሻል ከቅጥነቱ የተነሣ በጣት ቀለበት ውስጥ ያልፋል ተብሎ የታወቀ ነው።

የዚህ ድንቅ ሥራ ዋጋ ግን በገንዘብ አይከፈልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 መንግሥት ያስመረመረው ጉዳይ ይህ ነበር፦ ነጋዴዎች ሻሉን ተቀብለው በምትኩ ከመደብራቸው ሻይ፣ ጨርቅና የመሳሰለውን ይሰጣሉ። ሠሪዋ ዱቄት ወይም ገንዘብ ብትፈልግ በሻሉ የተቀበለችውን ዕቃ መልሳ ለጎረቤት መለወጥ ነበረባት። ከተመርማሪዎቹ ቃል የሚታየው የሙያ ጉድለት ሳይሆን የዋጋ በደል ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ለሼትላንዷ ሴት ‘ዛሬ ስሜቱ አልመጣልኝም’ የሚባል ነገር አልነበረም። በቅርጫት የተቀመጠ ጅምር ማለት ያልተገዛ ሻይ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ማለት ነበር። ይህ ማለት ግን የፈጠራ ስሜት አልነበራትም ማለት አይደለም። የማዕበሉን፣ የዛጎሉንና የቅጠሉን መልክ የያዙት ጌጦች ከእርሷና ከመሰሎቿ አእምሮ የወጡ ናቸው። ስሜቷ ከችግሯ ጋር አብሮ የሚሠራ እንጂ ተነጥሎ የሚጠበቅ እንግዳ አልነበረም።

ነፃ ጊዜና አዲሱ ችግር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብሪታንያ የመካከለኛው መደብ ሴቶች ሹራብን ለደስታ መሥራት ጀመሩ። በኤድንበራ ከተማ ክር ትሸጥ የነበረችው ጄን ጎጌን በ1840 ያሳተመችው የእጅ ሥራ መመሪያ በሰፊው ተነበበ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ በዐይንና በእጅ ብቻ ሳይሆን በታተመ ወረቀትም ይተላለፍ ጀመር። ይህ እድገት ሁለት ገጽ ነበረው። በአንድ በኩል ጎረቤት አስተማሪ የሌላት ሴት የሩቅ አገር ጌጥ እንድትሠራ አስቻላት። በሌላ በኩል የሚያስበውን አእምሮ ከሚሠራው እጅ ለየ። አሳቢዋ መመሪያውን ትጽፋለች፤ ሠሪዋ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ቀለበት እየቆጠረች ትከተላለች።

የመቀዝቀዙ ምክንያት በአንድ ወገን ከዚህ ይመነጫል። በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ክሩም ቀለሙም አዲስ ነው፤ ጌጡ ሲወጣ ማየት ያጓጓል። ከዚያ ረጅሙና ወጥ የሆነው የሆድና የጀርባ ክፍል ይመጣል። አንዱ እጅጌ ካለቀ በኋላ ሁለተኛው የሚያስተምረው አዲስ ነገር የለም፤ አንድ የእግር ሹራብ ተሠርቶ ጥንዱ የሚቀረውም ስለዚሁ ነው። ከሃያ ረድፍ በታች የተሠራ ስሕተት ሲገኝ ደግሞ ሠሪዋ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባት፤ ወይ ተርትራ መመለስ፣ ወይ ስሕተቱን ተሸክማ መቀጠል። ብዙዎች ሦስተኛውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ሥራውን ከዐይናቸው ያርቁታል።

ዓላማ ሲገኝ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰዎች በውሃ በተሞላ ምሽግ ውስጥ እግሩ ለሚበሰብሰው ወታደር የእግር ሹራብ ሠርተዋል። ጌጥ የሌለው፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሥራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ተቀባዩ ይጠብቅ ስለ ነበር ተፈጸመ። ከዚህ እንደምንረዳው ሥራን የሚያስፈጽመው የክሩ ውበት ብቻ አይደለም።

የኤልሳቤጥ ዚመርማን መንገድ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ችግር ከሥሩ የነካች ሴት ኤልሳቤጥ ዚመርማን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1910 በእንግሊዝ ተወልዳ፣ በሎዛንና በሙኒክ ሥነ ሥዕል ተምራ፣ በ1937 ከጀርመናዊ ባሏ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ባሏ ስለ ሂትለር በተናገረው ቃል ምክንያት አገሩን ለቆ የወጣ የቢራ ጠማቂ ባለሙያ ነበር። ዚመርማን በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ልጆቿን እያሳደገች ሹራብ ትሠራና ንድፍ ለመጽሔቶች ትሸጥ ነበር። በ1950ዎቹ አንድ መጽሔት፣ እርሷ ዙሪያውን ያለ ስፌት የሠራችውን ሹራብ በየቁራጩ ተሠርቶ እንዲሰፋ አድርጎ መመሪያውን ለወጠባት። በዚህ ቅር ተሰኝታ በ1958 የራሷን በራሪ ጽሑፍ ማሳተም ጀመረች፤ በ1971 ደግሞ ‘ሹራብ ያለ እንባ’ የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው መጽሐፏ ወጣ።

የትምህርቷ ፍሬ ነገር ሠሪዋ የሌላውን ወረቀት በጭፍን ከምትከተል የሥራውን ምክንያት ትረዳ የሚል ነበር። ለምሳሌ የላይ ልብስን ልክ በመቶኛ ስሌት አስቀመጠችው። ሠሪዋ በመጀመሪያ በራሷ እጅና ክር ናሙና ሠርታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ቀለበት እንደሚገባ ትቆጥራለች። 2 ቀለበት ከሆነና የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አካሉ 200 ቀለበት ይሆናል። ከዚህ በኋላ የእጅጌው ጫፍ ከመቶ 20፣ ማለት 40 ቀለበት፤ የላይኛው ክንድ ከመቶ 33፣ ማለት 66 ቀለበት፤ አንገቱ ከመቶ 40፣ ማለት 80 ቀለበት ነው። በዚህ መንገድ ማንኛዋም ሴት ለማንኛውም ሰው በማንኛውም ክር ልብስ ልትነድፍ ትችላለች።

ክብ ሻሏም እንዲሁ ከጂኦሜትሪ የተወለደ ነው። የክብ ስፋት ከመሐል ወደ ጠርዝ ያለው ርቀት ሲያጥፍ ዙሪያው ያጥፋል። ስለዚህ በ9 ቀለበት የተጀመረው ሻል ወደ 18፣ ከ3 ዙር በኋላ ወደ 36፣ ከ6 ዙር በኋላ ወደ 72፣ ከ12 ዙር በኋላ ወደ 144 ያድጋል፤ በመካከል ያሉት ዙሮች ምንም መጨመርና መቀነስ ስለሌለባቸው ሠሪዋ የፈቀደችውን ጌጥ ታስገባባቸዋለች። ሕጉ ጥቂት፣ ነፃነቱ ብዙ ነው። እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1999 ድረስ ያሰራጨችው ትምህርት ስሕተትን እንደ ኀፍረት ሳይሆን እንደ ትምህርት፣ መተርተርንም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ሥራው አንድ ክፍል የሚያይ ነበር።

ይሁንና ዚመርማን ውጣ ውረዱን አጠፋችው ማለት አይቻልም። የትርፍ ጊዜ ሠሪዋ ነፃነት የተገኘው መኪናው ልብስን ስላረከሰው ነው፤ የእጅ ሹራብ በፈጀው ሰዓት ልክ ዋጋው ቢተመን ገዢ አያገኝም። ስለዚህ ዛሬም የሴቶች የእጅ ሥራ ‘ጊዜ ማሳለፊያ’ ተብሎ ሲናቅ፣ ሠሪዋም ራሷ ሥራዋን መናቅ ትጀምራለች። የተናቀ ሥራ ደግሞ ለመቋረጥ ቅርብ ነው።

ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ የመነሣሣት መጥፋት የግለሰብ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አእምሮ ከእጅ ሲለይና ሥራው ተቀባይ ሲያጣ የሚከሠት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ችግርን የመነሣሣት ምንጭ አድርጎ ማወደስ አይገባም፤ የሼትላንድ ሴቶች ሥራቸውን የፈጸሙት በዕዳ ተገደው ጭምር ነው፤ ለውበቱ የሚገባቸውን ዋጋ አላገኙም። ሦስተኛ፣ የተቀዘቀዘ ስሜት የሚመለሰው በአዲስ ክር ብዛት ሳይሆን በማወቅ ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሹራብና ዳንቴል መማር የቆየ ልማድ ነው። የእጅ ሥራ መምህር ለተማሪዎቹ የቀለበቱን አጣጣል ብቻ ሳይሆን የልኩን ስሌትና የጌጡን ምክንያት ቢያስተምር፣ የተረተረችውን ተማሪ ከጨረሰችው እኩል ቢያመሰግን፣ እያንዳንዱ ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ከመጀመሩ በፊት ቢያስወስን፣ ከቅርጫት የሚቀረው ጅምር ይቀንሳል። የቀረውም ቢሆን የሞተ ሥራ አይደለም። ጫፉ እስካልጠፋ ድረስ ክሩ ክር ነው፤ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ እንደገና ይጀመራል።