ጭነት፣ ዳገትና ባሌስትራ በጉና ደጋ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መፍለቂያ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበቡት ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና እስቴ ገብስና ድንች ለገበያ የሚያቀርቡ፣ ነገር ግን ምርታቸው ዳገት ሳይወጣና ቁልቁለት ሳይወርድ ከገበያ የማይደርስላቸው አገሮች ናቸው። በዚህ ምድር የመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ ጭነቱ ከመንገዱ አቅም በልጦ የተገኘባቸው ዘመናት ይበዛሉ። በጭነቱና በመንገዱ መካከል ያለውን ጉድለት በየዘመኑ የተሸከመው ግን አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያ የበቅሎና የአህያ ጀርባ፣ ቀጥሎ የወታደር ትከሻ፣ በኋላም በመኪናው የኋላ አክስል ላይ የሚታሰረው፣ ተነባብረው በአንድነት ከተጠፈሩ የብረት ቅጠሎች የሚሠራው ባሌስትራ ሆኗል። ስለዚህ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ መንገዶች ላይ የፒካፕ መኪና ባሌስትራ ሲሰበር ስብራቱን የዕድል ወይም የብረት ጥራት ጉዳይ ብቻ አድርጎ መመልከት የአካባቢውን የመንገድ ታሪክ ግማሽ መዝለል ይሆናል።

ደብረ ታቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በየጁው ራስ ጉግሣ ተቆርቁራ የበጌምድር ገዢዎች መቀመጫ ስትሆን፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ጋር ያገናኛት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ሲራራ ነጋዴ የሚባለው ጨውና ቡና የመሳሰለውን ሸቀጥ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ በቡድን የሚጓዝ ነጋዴ ሲሆን፣ የሙያው ጥበብ በአመዛኙ ሸክምን ከእንስሳው አቅምና ከዳገቱ ጋር አመጣጥኖ ማከፋፈል ነበር። በቅሎ ሲደክም ያስታውቃል፤ ጀርባው ሲቆስልም ነጋዴው ጭነቱን ይቀንስለታል ወይም አራግፎ ያሳርፈዋል። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ነው፤ የእንስሳውን ቦታ የወሰደው ብረት ድካሙን አስቀድሞ በግልጽ የሚያሳይ አይደለምና።

ተከፋፍሎ ሊጫን የማይችል ጭነት በዚህ ደጋ ላይ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ በስዊዘርላንድ በባዝል አቅራቢያ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ዋልድማየር፣ ሳልሙለርና ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሆል፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያቀልጡና ይቀርጹ ነበር፤ ከሥራቸው ሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፋቸውን በጋይንትና በዋድላ በኩል እያስጎተቱ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰውን የሚያህል መንገድ ለመሄድ ግማሽ ዓመት ያህል የፈጀው ሠራዊቱ እየተዋጋ፣ እየተራበና ከፊት ከፊት ድንጋይ እየፈነቀለ መንገዱን ይጠርግ ስለነበር ነው። የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት የመጡት የእንግሊዝ ዘመቻ ሰዎች እንኳ በጂዳ ገደል ላይ የተቆረጠውን ይህን መንገድ ሲያዩ አድናቆታቸውን በጽሑፍ አስፍረዋል።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ጉዞ ውስጥ በይበልጥ የሚያተኩሩት በንጉሡ ጽናትና በመከራቸው ላይ ነው፤ የሚገባም ነው። ሆኖም ጉዞው ሌላም ነገር ያሳያል፤ መንገዱ በጭነቱ ልክ ተሰልቶ የተሠራው በዚህ አንድ ጊዜ ነበር፤ የመድፉ ክብደትና የጋሪው ስፋት ዳገቱ በምን ያህል እንዲቀና፣ ድንጋዩም እስከ የት እንዲነሣ ወስነዋል። ከዚያ በኋላ በጉና ዙሪያ የመጡት መንገዶች የተሠሩት በሌላ ስሌት ነው፤ ጭነቱም ቆይቶ መንገዱን በለጠው።

መድፉ በሚጎተትበት በዚያው ዘመን በአውሮፓ ስለ ብረት ድካም የተጀመረው ጥናት ገና ጅምር ላይ ነበር። በሠረገላ ላይ የብረት ቅጠሎችን ደራርቦ እንደ ቀስት አጉብጦ መጠቀም ከዚያ በፊት የታወቀ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊዮት በ1804 እ.ኤ.አ. ለሠረገላ የሚሆን ባሌስትራ የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር። ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው ጭነት እጅግ ባነሰ ጭነት፣ ነገር ግን በመቶ ሺህዎች ጊዜ በመደጋገም ብቻ ሊሰበር እንደሚችል በሥርዓት ያስረዳው ግን በፕሩሲያ የባቡር ሐዲድ አገልግሎት የባቡር አክስሎችን የመረመረው አውጉስት ቮለር ሲሆን፣ ሙከራዎቹ እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ቀጥለዋል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው፤ ብረቱ በተጎነበሰና በተቃና ቁጥር በአንድ ደካማ ነጥብ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል፣ ስንጥቁ በየጉድጓዱ በጥቂቱ ይሰፋል፣ የቀረው ጤነኛ ክፍል ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ቅጽበት ይበጠሳል።

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በብዛት ወደ አካባቢው የዘለቀው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ በኋላ ደብረ ታቦርም ተይዛ የጦር ሰፈር ሆነች፤ ከእርስዋ ወደ ጎንደር በቁልቋል በር በኩል የሚያልፈው መንገድም በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጨረሻዎቹ ከባድ ውጊያዎች የተካሄዱበት ነበር። ከጣሊያኖቹ በኋላ የቀሩት የጭነት መኪኖችና የጥገና ሙያው ባለሙያዎች ናቸው፤ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቡሎን የሚሉት ቃላትም ከሙያው ጋር አብረው ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በሰፊው የታወቁት ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት መኪኖችና በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ የነበረው ላንድሮቨር ናቸው።

ለጉና ደጋ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሲሠራ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር የታሰበው ይህ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተገንብቶ ለብዙ ዓመታት በጠጠር ደረጃ አገልግሏል፤ አስፋልት የለበሰው ቆይቶ ነው። የቴዎድሮስ ሠራዊት ድንጋይ የፈነቀለበትን ደጋ በጎማ ያቆራረጠ፣ በረሀብ ዘመን እህል ያደረሰ መንገድ በመሆኑ በአካባቢው ሕይወት ውስጥ ያለው ቦታ ከፍ ያለ ነው። በተለይ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍል ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ የሚወጣ ነው።

በዚህ መንገድና ከእርሱ በሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ላይ ፒካፕ ተመራጭ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የትልቅ መኪና ጭነት ሳይሞላ የሚሄድ፣ ቀጭን መንገድ የሚገባ፣ ሰውንም ዕቃንም የሚያደርስ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ሃይሉክስ በየትውልዱ የፊት እግሩን አሠራር ቢለውጥም፣ ለሥራ የሚፈለጉት ዓይነቶቹ ከኋላ በባሌስትራ መጓዛቸውን ቀጥለዋል፤ የላንድክሩዘር ፒካፕም እንዲሁ ነው። ባሌስትራ የተመረጠው አንድ አካል ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ነው፤ ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉን በቦታው ይይዛል፣ ሞተሩ የሚገፋበትንና ፍሬኑ የሚይዝበትን ኃይልም ወደ ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው አካል ወደሚያርፍበት የብረት አጽም፣ ያስተላልፋል።

የስብራቱ ምሥጢርም ከዚሁ ይመነጫል። ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ይዞራል፤ አክስሉም ጎማውን ለማሽከርከር በሚያደርገው ግፊት ባሌስትራውን ወደ ጎን እንደተኛ ኤስ ያጣምመዋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ጥምዘዛው በተቃራኒው ይሆናል። አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም በተሠራ ፒካፕ ላይ አሥራ አምስት ኩንታል ድንች ከነባለቤቶቹ ሲጫን፣ ቅጠሎቹ መኪናው ቆሞ ሳለ ከሚጫናቸው ክብደት በተጨማሪ የዳገቱን ጥምዘዛና የጉድጓዱን ድብደባ በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። የድካም ሕግ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ በብረቱ ላይ ያለው ውጥረት በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ባለ መኪናው ከመጠን በላይ ጭኖ ሃያ ጊዜ በሰላም ሲመለስ ብረቱ የቻለው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ጉዞ ከዕድሜው ላይ ተቀንሷል።

ስንጥቁ የሚጀምርባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። አንደኛው ቅጠሎቹን የሚያስተሳስረው የመሃል ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፤ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያጣብቁት ጎባጣ ቡሎኖች ሲላሉ ቅጠሉ በዚያ ነጥብ ላይ በነፃነት መጎንበስ ይጀምራል፣ በቀዳዳውም ዙሪያ ይሰነጠቃል። ሌላው የዋናው ቅጠል ጫፍ ተጠቅልሎ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ዓይን ነው። ሦስተኛው ቅጠሎቹ እርስ በርስ የሚፋተጉበት ገጽ ሲሆን፣ በጉና ደጋ ክረምት ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጭቃው በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ ይደርቃል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱም የብረቱን ገጽ በጥቃቅን ጉድጓድ ይበላዋል፣ እያንዳንዷ ጉድጓድም ለስንጥቅ በር ትሆናለች። የተሰበረውን ቅጠል የሚያይ መካኒክ ታሪኩን ከስብራቱ ገጽ ማንበብ ይችላል፤ የጠቆረውና የለሰለሰው ክፍል ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ የኖረበት፣ ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጨውና ሻካራው ክፍል ደግሞ በመጨረሻው ቅጽበት የተበጠሰው ነው። የጠቆረው ሰፍቶ ሲገኝ ምክንያቱ የዚያ ቀን ጉድጓድ አይደለም።

ጥገናው የራሱ ልማድ አለው። በጣም የተለመደው ባሌስትራ ማስጨመር፣ ማለትም በፋብሪካው ቁጥር ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል መደረብ ነው። ይህ የአላዋቂ ሥራ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም፤ ጭነቱ በብዙ ቅጠል ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ ውጥረት በእርግጥ ይቀንሳል፣ የኋላው ወገብም አይሰምጥም። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል፤ የጠነከረው ባሌስትራ የሚያጎርፈውን ድብደባ ሻንሲው ስለሚቀበለው ከጋቢናው ጀርባ መታጠፍ ወይም መሰንጠቅ ያጋጥማል። የተሰበረ ቅጠልን በብየዳ መቀጠል ግን ጨርሶ የሚያዋጣ አይደለም። የባሌስትራ ብረት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በዘይት ቀዝቅዞ፣ ዳግም በመጠኑ ሞቆ ጥንካሬንና መለጠጥን አጣምሮ እንዲይዝ የተደረገ በመሆኑ፣ የብየዳው እሳት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል፤ አዲሱም ስብራት ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን ይወጣል።

ይህንኑ የእሳትና የብረት ጉዳይ በራሱ መንገድ የሚያውቀው ሌላው ባለ ሙያ የገጠሩ ቀጥቃጭ ነው። በጎንደር አካባቢ አንጥረኝነትን በብዛት ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ሲሆኑ፣ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉም በኋላ ሙያው ለረጅም ዘመን ከንቀት አልተላቀቀም፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከእነርሱ ጋር የሄደው እውቀት ምን ያህል እንደሆነ በሚገባ አልተመዘገበም፤ ይህ የሚያሳዝን ጉድለት ነው። ለቀጥቃጩ የተሰበረ ባሌስትራ ውድ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ካርቦኑ ከተራ ብረት ስለሚበልጥ በወናፍ በተነፋ የከሰል እሳት ግሎ፣ በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦና በውኃ ተነክሮ ማጭድ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያና የማረሻ ጫፍ ይሆናል፤ ስለቱም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ቀጥቃጩ የሚያሞቀው የብረቱን ቀለም በዓይኑ እየለካ ሲሆን፣ ይህ ልኬት በጋራዥ ብየዳ ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ጥንቃቄ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመላ አገሪቱ የተካሄደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ ከዋናው መንገድ ጋር ማገናኘት ሲጀምር፣ የድካሙ መነሻም ቦታ ቀየረ። ዋናው መንገድ አስፋልት ሲለብስ በዚያ ላይ የሚደርሰው ድብደባ ቀንሷል፤ ይሁን እንጂ በለሰለሰው መንገድ ላይ ያለ ችግር የተጓዘ ፒካፕ ወደ ስማዳ፣ ወደ እስቴ ወይም ወደ ጉና ግርጌ ቀበሌዎች ሲገነጠል ያንኑ ጭነትና ያንኑ የለመደውን ፍጥነት ይዞ ነው። የመንገዱን የክብደት ወሰን ለማስጠበቅ በአገሪቱ የተቋቋሙት የሚዛን ጣቢያዎች በዋናነት የሚመዝኑት ከባድ መኪኖችን ነው፤ የፒካፑን ጭነት የሚለካው ያው የባለ መኪናው ዓይን፣ የኋላው ጎማ ከጎማ ሽፋኑ ጋር ያለው ርቀትና ባሌስትራው ተቃንቶ ወይም ተገልብጦ መታየቱ ነው። ባሌስትራው ወደ ታች የተገለበጠበት መኪና ገና ከመነሻው የተሠራበትን ልክ አልፏል፤ ስንጥቁም ያን ጊዜ ተጀምሮ ከሆነ ጉዞው የሚያበቃው በገበያው ወይም በዳገቱ መካከል መሆኑን ማንም አስቀድሞ አያውቅም።