አይጥና ጠረጴዛ

በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ብጣቂ ወረቀት ይዘው በሬን አንኳኩ። ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ጀምሮ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። «መምህር፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ ክፉው በሽታ ነው አይደል?» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አንድ ቃል ነው፦ «ማያልጂያ»።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግሪክኛንም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በእግረ መንገድ ነው የተዋወቅሁት። ቃሉን ግን ለሁለት ከፈልኩላቸው። «አልጎስ» ሕመም፣ «ሚስ» ጡንቻ። ሴትዮዋ «ትከሻዬን ይቆረጥመኛል» ብለው የነገሩትን ሐኪሙ ግሪክኛ አልብሶ መለሰላቸው ማለት ነው!

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የጥንት ግሪኮች «ሚስ» የሚሉት ጡንቻን ብቻ ሳይሆን አይጥንም ነው። ሮማውያንም አልቀሩም፤ «ሙስኩሉስ» በላቲን ትንሽ አይጥ ማለት ነው። እስቲ ክንድዎን አጠፍ ዘርጋ ያድርጉ፤ ከቆዳው ሥር ሽር የሚል ነገር አያዩም? ይኸው «ሚስ» በዛሬ ሐኪሞች አፍ «ማዮ» ሆኗል። የልብን ጡንቻ «ማዮካርዲየም» የሚል ሐኪም ሳያውቀው አይጥ ይጠራል።

ግሪክኛው የሕክምና ቋንቋ ሆኖ የቀረው ያለምክንያት አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የሠራው የፔርጋሞኑ ጋለን፣ ጦጣና አሳማ እየቀደደ የመረመረውን በግሪክኛ ጻፈ፤ ከሺህ ዓመት በላይም ቃሉ ሕግ ሆኖ ኖረ። በ1543 ቬሳሊየስ በታላቁ የአካል መጽሐፉ የጋለንን ስህተቶች ሲያርም ጡንቻዎችን በአብዛኛው የጠራቸው በቁጥር ነበር። ቁጥር ግን ማን ያስታውሳል? ከእሱ በኋላ የመጡት ስም አወጡላቸው። የትከሻው ጡንቻ ባለሦስት ማዕዘኗን የግሪክ ፊደል፣ ዴልታን፣ ስለሚመስል «ዴልቶይድ» ተባለ። ከአንገት እስከ ጀርባ የተዘረጋው ባለአራት ማዕዘን ደግሞ «ትራፔዚየስ»፤ መነሻው «ትራፔዛ»።

ይህችን ቃል እናውቃታለን። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝም ወደ ቤታችን ገብታ «ጠረጴዛ» ሆና ተቀምጣለች፤ ቡና እንጠጣባታለን።

ሐኪሞች እርስ በርሳቸው በግሪክኛ ቢግባቡ አልቃወምም፤ ከሩቅ አገር ሐኪም ጋር ያገናኛቸዋል። ለበሽተኛው ግን አንድ የአማርኛ ቃል መጨመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለጎረቤቴ የሚቆረጥማቸውን ቦታ ስም ብነግራቸው፣ «ጠረጴዛዬን ነው ያመመኝ በለኛ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ እየከተቱ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይህንኑ እዚያው ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»