ሰላማዊ ሰልፈኛን ከሁከት ፈጣሪ የምንለየው በምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ እኛን ዋጋ ያስከፈለ ጥያቄ ነው። በጥር 2004 ከአወሊያ በተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ሕዝበ ሙስሊሙ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ እጁን እንደታሰረ ሰው አጣምሮ ወደ ላይ በማንሳት፣ አንዳንዴም በዝምታ ተቃውሞውን ገልጿል። ያም ሆኖ ሐምሌ 2007 ላይ የኮሚቴ አባላትን ጨምሮ በ18 ሰዎች ላይ በፀረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ስለዚህ መለያውን ጠንቅቀን ማወቅ ይገባናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብትን ያረጋግጣል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 37 እንደገለጸው፣ አለማሳወቅ ብቻውን ተሳታፊውን ሕገ ወጥ አያደርገውም።

መለያዎቹ

አንደኛ፦ የሚመዘነው ድርጊት ነው። ሰው መደብደብ፣ ድንጋይ መወርወርና ንብረት ማቃጠል ሁከት ነው። መፈክር ማሰማት፣ መገፋፋት ወይም የትራፊክ መስተጓጎል ግን ብቻውን ሁከት አይባልም።

ሁለተኛ፦ የሚጠየቀው አድራጊው ነው። ከሺዎች መካከል ጥቂቶች ድንጋይ ቢወረውሩ በሰላም የቆሙት መብታቸውን አያጡም። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 164 ያለው መርህም አንዱ በሌላው ጥፋት እንዳይጠየቅ ያስተምረናል።

ሦስተኛ፦ ፖሊስ በቅድሚያ አጥፊዎቹን ለይቶ ሊይዝ ይገባል። ሰልፉን በሙሉ መበተን የመጨረሻ አማራጭ ነው።

የሰልፈኛው ድርሻ

አዘጋጆች አስተባባሪዎችን በየቦታው ያቁሙ። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ሲታይ በዙሪያው ያሉት ይምከሩት፤ እምቢ ካለም ከእሱ ይራቁ። ማስረጃ ሳይኖር ግን ማንንም «ሰርጎ ገብ» ብሎ መፈረጅ ሌላ በደል ነው።

ይህን ሚዛን ለራሳችን ብቻ መጠቀምም አይበቃም። ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ለምንጠላቸው ሰዎች እንኳ ፍትሕን እንዳንነፍግ ያዘናል። የማንደግፈው ወገን አደባባይ ሲወጣ፣ በጥቂቶች ጥፋት ሁሉንም «ሁከተኛ» ካልን በእኛ ላይ የተሠራውን እየደገምን ነው።