የኖርፎክ ደሴት ነጥቦች

ኖርፎክ ከሲድኒ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በውቅያኖስ መሐል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። የእንግሊዝ መንግሥት አውስትራሊያ ከተጋዙ በኋላ ዳግም ወንጀል የሠሩትን የሚልከው ወደዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 እስረኞቹ አመፁ፤ ብዙዎቹም ሞት ተፈረደባቸው። ማን እንደሚሰቀልና ማን ምሕረት እንዳገኘ የመንገሩ ዕጣ የወደቀው በወጣቱ ካህን በዊሊያም ኡላቶርን ላይ ነው። ኡላቶርን በኋላ እንደጻፈው፣ የሚሰቀሉት ተንበርክከው አምላካቸውን ሲያመሰግኑ ምሕረት ያገኙት ግን አለቀሱ። 13ቱ ተሰቀሉ።

ይህን ምስክርነት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቅጣት ሰውን የሚገራው ሊሸሸው የሚችልበት መንገድ ሲኖር ነው። በኖርፎክ ጅራፉና እግር ብረቱ መልካም ለሠራውም ለከፋውም አንድ ስለነበሩ፣ የቀረው መሸሻ ገመዱ ብቻ ሆነ።

አሌክሳንደር ማኮኖቺ በማርች 1840 የደሴቲቱ አዛዥ ሆኖ መጣ። ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ተማርኮ ስለነበር እስራትን ከውስጥ ያውቀዋል። ያቀደው እስራቱ በዓመት መቆጠሩ ቀርቶ በነጥብ እንዲለካ ነው፤ 7 ዓመት የተፈረደበት 6,000፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት 8,000 ነጥብ ያጠራቅማል። ነጥቡ የሚገኘው በሥራና በጠባይ ነው። ያጠፋ ይቀነስበታል፤ የተሻለ ምግብ የፈለገም ከነጥቡ ይከፍላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሳ ሰውየው ራሱ የሚያሰላው ሒሳብ ሆነ።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ልደት በዓል፣ ማኮኖቺ የወህኒውን በር ከፍቶ ሁሉንም ለቀቃቸው። በሉ፤ ትንሽ ሮም ጠብ በተደረገበት የሎሚ ጭማቂ ለንግሥቲቱ ጤና ጠጡ፤ ቴአትርም ሠሩ። ማታ ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም ወደየክፍላቸው ተመለሱ። ወሬው ሲድኒ ሲደርስ ግን ቁጣ ቀሰቀሰ።

የሲድኒው አገረ ገዢ የጆርጅ ጊፕስ ትእዛዝ አዲሱ ሥርዓት ከእንግሊዝ በቀጥታ ለሚመጡት ብቻ እንዲሆን ነበር። ማኮኖቺ ለነባሮቹም ሰጠ። ነጥቡ ነጻነት የሚያስገኝበትን ሥልጣን ግን ሲድኒም ሆነ ለንደን በእጁ አላስገቡለትም። በእኔ ግምት የሙከራው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ሰዎቹ በላባቸው ያጠራቀሙትን ነጥብ የሚመነዝርላቸው አልነበረም።

እንዲህም ሆኖ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነበር። ቻርለስ አንደርሰን የተባለ እስረኛ ቀደም ሲል በሲድኒ ወደብ በምትገኝ ደሴት ላይ ለሁለት ዓመት በአለት ላይ በሰንሰለት ታስሮ፣ በግርፋት ብዛት ጀርባው ቆስሎ እንደነበር ተጽፏል። ማኮኖቺ ያልተገሩ በሬዎች እንዲጠብቅ አደረገው፤ ሌላ ሰው እንዳይጠጋውም አዘዘ። አንደርሰን በሬዎቹን ገራ፤ እሱም ረጋ።

ስለ ሥርዓቱ ስኬት የሚጠቀሱት አሐዞች በአብዛኛው ከማኮኖቺ ከራሱ የመጡ ስለሆኑ በጥንቃቄ መያዝ አለባቸው። ከእነሱ ይልቅ የምተማመነው በተቺው በጊፕስ ነው። በማርች 1843 ድንገት መጥቶ ደሴቲቱን ከመረመረ በኋላ የጻፈው ዘገባ ከጠበቀው በላይ በጎ ነው። ወረቀቱ ለንደን ሳይደርስ ግን ማኮኖቺ እንዲነሣ ተወስኖ ነበር።

ተተኪው ጆሴፍ ቻይልድስ ወደ ቀድሞው ጭካኔ ተመለሰ። በ1846 እስረኞቹ ምግባቸውን የሚያበስሉባቸው ድስቶች እንዲወሰዱ ተደረገ። በማግስቱ፣ ጁላይ 1፣ አመፅ ተነሥቶ አራት የወህኒው ሠራተኞች ተገደሉ፤ በኦክቶበር ወር ደግሞ 12 እስረኞች ተሰቀሉ።

የአየርላንድ ወህኒዎች ኃላፊ ዋልተር ክሮፍተን ከ1854 ጀምሮ የማኮኖቺን የነጥብ ሥርዓት በዚያ ሥራ ላይ ሲያውል ማኮኖቺ ያላገኘው ነገር በእጁ ነበር። በጠባዩ የተመሰገነ እስረኛ ጊዜው ሳይሞላ በፈቃድ የሚፈታበት ሕግ ከዓመት በፊት ወጥቶ ነበር። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ መታረሙን ያሳየ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ግዴታውን ከጣሰ ደግሞ ወደ ወህኒ ሊመለስ ይችላል።