የጋዜጠኛው ዓረፍተ ነገርና የወሎ ረሀብ፦ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«ማዕበል»

ብርሃኑ ዘሪሁን በተነሣ ቁጥር አጫጭር ዓረፍተ ነገሮቹ አብረው ይነሣሉ፤ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅርጽ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ጎንደር ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰመው፣ ኋላም አዲስ አበባ ተግባረ እድ የተማረው ብርሃኑ የ«የዛሬይቱ ኢትዮጵያ»ና የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ ነበር። በ«ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» (1952) ይህ የጋዜጣ እጅ ትረካውን ከማፍጠን ያለፈ ፋይዳ የለውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታተመው ባለሦስት ቅጽ «ማዕበል» ውስጥ ግን ረሀብን ከእንጉርጉሮ አውጥቶ ምክንያት ያለው ታሪክ ያደርገዋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው የኖሩበት ወሎ በአድማጭ ጆሮ ከሁሉ በፊት የፍቅርና የትዝታ አገር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀቡ አምባሰልን፣ የጁን፣ ራያና ቆቦን ሲመታ ግን ገበሬው አስቀድሞ በሬውን በርካሽ ሸጠ፤ ቀጥሎ ቀዬውን ለቀቀ። የተራበው ሕዝብም ከደሴ በስተሰሜን በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ተሰለፈ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። «የአብዮት ዋዜማ» የተሰኘው የመጀመሪያው ቅጽ የተፈናቀሉትን ገበሬዎች ሲከተል ደራሲው አያለቅስላቸውም። አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል፤ አንባቢው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። ረጅም፣ በቅጽል የታጀበ ዓረፍተ ነገር ይህን ሰንሰለት በሐዘኔታ ይሸፍነው ነበር።

«ይህማ ልብ ወለድ ሳይሆን ዘገባ ነው» የሚል ይኖራል። ዘገባ ቢሆን ኖሮ በጊዜው በጋዜጣ በወጣ ነበር፤ በንጉሡ ዘመን ረሀቡ ተሸፍኖ እንደነበር ደግሞ የታወቀ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ብርሃኑ የወደቀ መንግሥትን በደርግ ፈቃድ ወቀሰ። የሂንዲ ቋንቋው ደራሲ ፕሬምቻንድ እ.ኤ.አ. በ1936 በ«ጎዳን» ልብ ወለዱ የዕዳ ባሪያ የሆነውን ገበሬ የጻፈው እንግሊዝ ሕንድን ገና እየገዛች ሳለ ነበር፤ ሚዛኑ እዚህ ላይ ወደ ሕንዳዊው ያደላል። በኋለኞቹ ቅጾችም፣ በእኔ ግምት፣ አብዮቱ ትረካውን አልፎ አልፎ ከደራሲው እጅ ይነጥቀዋል። የመጀመሪያው ቅጽ የረሀብ ገጾች ግን የሚቆሙት በመፈክር ሳይሆን በሰዎቹ ዕጣ ላይ ነው፤ መፈክሩ ቢወጣ ታሪኩ አይፈርስም። ለተቃዋሚዎቹ ብርቱው ማስረጃ ከመጽሐፉ ውጭ ይገኛል፦ በ1977 ወሎ ዳግም በደርግ ዘመን ሲራብ ብርሃኑ «ማዕበል»ን የሚመስል ልብ ወለድ አልጻፈም፤ በ«የታንጉት ምሥጢር» ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ተመለሰ፣ በ1979ም ዐረፈ። ይህ ግን ደራሲው የነበረውን ነፃነት ይለካል እንጂ የመጀመሪያውን ቅጽ ገጾች አያቀልም።